በሽተኞች የከፈቱት ትምህርት ቤት

ዛሬ በየከተማው መናፈሻና አዳራሽ የሚሰጠው የታይ ቺና የቺጎንግ ትምህርት ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እየተከተልኩ ስሄድ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ትምህርቱን ለሕዝብ የከፈቱት ሰዎች ጤነኞች አልነበሩም። አንዱ በወጣትነቱ ደም ያስል ነበር። አንዱ ጨጓራው ቆስሎ ሥራውን ጥሎ ወደ ትውልድ ቀየው የተመለሰ ሰው ነበር። አንዷ በማህፀን ካንሰር ደጋግማ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሠዓሊ ነበረች። አራተኛው ደግሞ በልጅነቱ ሕመም ስለጸናበት ወደ ገዳም የተላከ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በተለይ በዚህ በአራተኛው ሰው ምክንያት ነው፤ ሥራውን የጀመረው እኔ በምኖርባት በቶሮንቶ ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ታይ ቺ ከቻይና ማርሻል አርት የወጣ፣ በዝግታና ያለማቋረጥ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚሸጋገር የአካል እንቅስቃሴ ነው። ቺጎንግ ደግሞ እስትንፋስን፣ አቋምንና ትኩረትን አስተባብረው የሚያሠለጥኑ በርካታ ልምምዶች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። ዛሬ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ አስተማሪ ይሰጣሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ላይ ትምህርቱ ለሁሉም ሰው አልነበረም። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ዌን በተባለ ወረዳ ውስጥ ቼንጃጎ የምትባል መንደር አለች። የቼን ቤተሰብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሱን የውጊያ ጥበብ በዚያች መንደር ሲያስተምር ኖሯል፤ የሚያስተምረውም የራሱን ልጆች ነበር። በዚህ አልፈርድባቸውም። ሽፍታ በበዛበት ዘመን የውጊያ ስልት የቤት ንብረት ነው፤ ለመንገደኛ አይሰጥም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ያንግ ሉቻን የተባለ የሄቤይ ሰው፣ የቤተሰቡ ተወላጅ ሳይሆን፣ ከቼን ቻንግሺንግ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ኋላም ቤጂንግ ገብቶ በወቅቱ ቻይናን ይገዙ የነበሩትን የማንቹ መሳፍንትንና ዘበኞቻቸውን አስተማረ። በግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቀ አይቶ ነው የተማረው የሚለው ትረካ ተረት ይመስለኛል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ተረት የሚወለደው በር በተዘጋበት ቤት ዙሪያ ነው።

በሩ ለከተማ ሰው የተከፈተው የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ነው። በ1912 ሹ ዩሼንግ የተባለ ሰው ቤጂንግ ውስጥ የአካል ማጎልመሻ ጥናት ማኅበር አቋቋመ፤ የያንግ ሉቻን የልጅ ልጅ ያንግ ቼንግፉም እዚያ ከሌሎች መምህራን ጋር በይፋ አስተማረ። በ1925 ደግሞ የእሱ ተማሪ የነበረው ምሁሩ ቼን ዌይሚንግ በሻንጋይ የራሱን የታይ ቺ ማኅበር ከፈተ። የዚያን ጊዜ የቻይና ምሁራንን ያንገበግባቸው የነበረው «የምሥራቅ እስያ በሽተኛ» የሚለው ስድብ ነው። አገራቸው በጦርነት ተሸንፋ፣ በኦፒየም ደንዝዛ፣ በውጭ ኃይሎች ተከፋፍላ ሲያዩ፣ የሕዝቡን አካል ማጠንከር አገር የማዳን ሥራ ሆኖ ታያቸው። በዚህ የተነሳ ለመምታትና ለመጣል የተፈጠረው ጥበብ ቀስ በቀስ ለመዳን የሚፈለግ ሆነ።

በሻንጋይ ከያንግ ቼንግፉ ተማሪዎች መካከል ቼንግ ማንቺንግ የተባለ ወጣት ነበር። በ1902 በጄጂያንግ ክፍለ ሀገር የተወለደ፣ ሠዓሊ፣ ገጣሚ፣ የብዕር ጽሕፈት ባለሙያና የባህል ሐኪም ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው ላይ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ ደም እስከማሳል አደረሰው። ታይ ቺ የጀመረው ለጠብ ብሎ አልነበረም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ያንግ ቼንግፉ ጠለቅ ያለውን ትምህርት የሰጠው ባለቤቱን ከሕመም ስላዳነለት ነው ይባላል። ቼንግ በኋላ ከመቶ በላይ የነበሩትን እንቅስቃሴዎች አሳጥሮ 37 ያህል አደረጋቸው። ዘመኑ ከጃፓን ጋር ጦርነት የተደረገበት ነበር፤ ረጅሙን ትምህርት ለመጨረስ ጊዜ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ነባሮቹ ባለሙያዎች ግን ይህን ማሳጠር በቀላሉ አልተቀበሉትም። እኔ ከአሳጣሪው ጎን ነኝ። ዓመት ሙሉ ተምሮ ግማሹ ላይ ለሚያቋርጥ ሰው ግማሽ ትምህርት ከመስጠት፣ ሊጨርሰው የሚችለውን ሙሉ ነገር መስጠት የበለጠ ርኅራኄ ነው።

ቼንግ በ1949 ወደ ታይዋን ተሻገረ፤ በ1964 ደግሞ ኒው ዮርክ ገባ። በቻይናውያን ሰፈር በከፈተው ትምህርት ቤት ጸጉራቸውን ያሳደጉ አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ዳንሰኞችና ሠዓሊዎች ይጎርፉ ጀመር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች አልወደዱትም። እሱ ወደ ታይዋን በሄደበት ወቅት ውዝግቡ ከረረና ቻይናዊ ያልሆኑት ተማሪዎች ሌላ ቦታ ፈልገው ተከራዩ። ሲመለስ መምህሩ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም የሁሉም ጥያቄ ነበር፤ እሱም ወደ አዲሱ ቦታ ሄዶ እዚያ ማስተማሩን ቀጠለ። በ1975 ታይዋን ውስጥ እስኪሞት ድረስ ያሠለጠናቸው ሰዎች ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ምንጭ ናቸው።

የቺጎንግ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ልብ ይነካል። በ1947 ሊዩ ጉይዠን የተባለ የሄቤይ ወጣት የኮሚኒስት ፓርቲ ሠራተኛ የጨጓራ ቁስለት ጸናበትና ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። እዚያ ከአንድ የአገሩ ሰው ባህላዊ የአተነፋፈስ ልምምድ ተምሮ በጥቂት ወራት አገገመ። አለቆቹ ሰሙ፤ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ነገር ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። በ1950ዎቹ በታንግሻን፣ ከዚያም በባሕር ዳርቻዋ ቤይዳይሄ የቺጎንግ ማገገሚያ ተቋማት ተከፈቱ። በማኦ ዘመን «የባህል አብዮት» የተባለው ዘመቻ ሲመጣ ግን ይኸው ሰው እንደ ጠላት ተቆጥሮ ከኃላፊነቱ ተነሳ፤ ተቋሙም ተዘጋ።

መንግሥት የዘጋውን ነገር መናፈሻ ውስጥ ያስቀጠለችው አንዲት ሴት ናት። ጉዎ ሊን የጓንግዶንግ ተወላጅ ሠዓሊ ነበረች። በ1949 በማህፀን ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ካንሰሩ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ደጋግማ ሐኪም ፊት ቀረበች። በልጅነቷ አያቷ ያስተማራትን ልምምድ እያስታወሰች፣ ከመጻሕፍት እያገናዘበች፣ በራሷ አካል ላይ እየሞከረች አንድ የእግር ጉዞ ዘዴ አወጣች። አየር በአፍንጫ ሁለት ጊዜ አከታትሎ በአጭሩ መሳብ፣ አንድ ጊዜ ማስወጣት፣ ከዚያ ጋር ተረከዝን አስቀድሞ መርገጥ፣ እጆችን በወገብ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ማወዛወዝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰዎች ለመሰብሰብ በሚፈሩበት ጊዜ፣ ቤጂንግ ውስጥ በመናፈሻ ዛፎች ሥር ለበሽተኞች ማስተማር ጀመረች። ባለሥልጣናት ደጋግመው አስጨነቋት፤ እሷ ግን አልተወችም። ትምህርት ቤቷ ግድግዳ አልነበረውም። ከእሷ በፊት ቺጎንግ አንድ ለአንድ፣ ሐኪም ለታማሚው የሚሰጠው ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው ሆኖ፣ በክፍት ሜዳ፣ ቀድሞ የጀመረው ታማሚ አዲስ የመጣውን ታማሚ እጁን ይዞ እያስኬደ መማር የተለመደው በእሷ ነው። በ1984 ሞተች።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ይህ የእግር ጉዞ ካንሰርን ያድናል ብዬ አላምንም፤ ማንም ሰው ሕክምናውን ትቶ እንዲሄድበትም አልመክርም። በ1980ዎቹ ቻይና ውስጥ ቺጎንግ እንደ ወረርሽኝ ሲስፋፋ በእጄ ሳልነካ እፈውሳለሁ፣ ከሩቅ ኃይል እልካለሁ የሚሉ ሰዎች ስታዲየም ሞልተው ሕዝቡን ሲያታልሉ ከርመዋል፤ በዚያ ምክንያት ሐኪም ቤት ሳይሄዱ የቀሩ ሰዎች ሁሉ ያሳዝኑኛል። ጉዎ ሊን የሰጠችው ነገር ሌላ ነው። ሐኪም «ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎ ያሰናበተው ሰው በማግስቱ ጠዋት የሚሄድበት ቦታና የሚጠብቀው ሰው እንዲኖረው አደረገች። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምሠራ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ።

አሁን ወደ ቶሮንቶ ልመለስ።

ሞይ ሊንሺን በ1931 በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በልጅነቱ በሽተኛ ስለነበረ ታኦ ለተባለው ጥንታዊ የቻይና ሃይማኖት መነኮሳት ተሰጠ፤ እነሱ ጋ ጸሎቱንም የአካል ልምምዱንም ተማረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ። በ1970 ካናዳ ገባ። ካናዳ ለቻይናውያን ክፉ ታሪክ ያላት አገር ናት። ባቡር ሐዲዱን አሠርታ ስታበቃ በ1885 በእያንዳንዱ ቻይናዊ ስደተኛ ላይ 50 ዶላር ቀረጥ ጣለች፤ በ1903 ወደ 500 ዶላር አሳደገችው፤ በ1923 ጭራሹን በሩን ዘጋችባቸው። ሕጉ የተሻረው በ1947 ነው። ስደተኛ በትውልድ አገሩ ሳይሆን በትምህርቱና በሙያው ነጥብ እየተሰጠው እንዲገባ የተወሰነው ደግሞ በ1967። እኛ ሐበሾችም ኋላ የገባነው በዚሁ በተከፈተው በር ነው። ሞይ የመጣው በሩ ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር፤ አገሪቱ ወገኖቹን ለረጅም ዘመን ያሳደደች ብትሆንም፣ ለነጩም ለጥቁሩም ያለውን አስተማረ።

መጀመሪያ በጥቂት ተማሪዎች ጀመረ። ያስተማረው የያንግን ረጅም ስልት፣ 108ቱን እንቅስቃሴዎች ነው፤ ግን ለጤና እንዲሆን ለውጦታል። አካሉ ይበልጥ እንዲዘረጋ፣ ወገብ ይበልጥ እንዲዞር፣ አከርካሪ ከታች እስከ ላይ እንዲሳብ። የሌላ ስልት ባለሙያዎች ይህ ለውጥ ከምንጩ ርቋል፣ የውጊያውን ነገር አጥፍቶታል ይላሉ። ለመዋጋት ለሚፈልግ ሰው ትችታቸው ትክክል ነው። ጉልበቷ ከወንበር አላስነሳ ያላት እናት ግን ማንን ልትመታ?

ትምህርት ቤቱ ያደገበት ምክንያት ግን የእንቅስቃሴው ዓይነት አይመስለኝም። ሞይ አንድ ደንብ አወጣ፤ አስተማሪ ደመወዝ አይከፈለውም። ተማሪው ለአዳራሽ ኪራይና ለመብራት የሚሆን የአባልነት መዋጮ ይከፍላል እንጂ ለአስተማሪው የሚሰጠው ገንዘብ የለም። የተማረ ያስተምራል። ሁሉን እስኪያውቅም አይጠበቅም፤ ጥሩ ልብ ያለውና መሠረቱን የያዘ ሰው ጀማሪዎች ፊት ይቆማል፣ በጎን ራሱ መማሩን ይቀጥላል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቀጽላል፣ የኔታም በየመካከሉ እየተዘዋወሩ ያርማሉ። አስተማሪ እስኪቀጠር መጠበቅ የለም።

ውጤቱን አስቡት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከቶሮንቶ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው ልምምዱን ይዞ ሄደ። ብቻውን መሥራት ሲሰለቸው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ለምኖ ጎረቤቶቹን ሰበሰበ። ከእነሱ አንዱ ደግሞ ሌላ ከተማ ሄደ። በቶሮንቶ የታይ ቺ ማኅበር ተብሎ የተጀመረው ቡድን የካናዳ የታኦ ታይ ቺ ማኅበር ሆነ፤ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ተመዘገበ፤ ዛሬ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች ቅርንጫፍ አለው። ማስታወቂያ ያለው፣ ትልቅ ካፒታል ያለው ስፖርት ቤት ሊያደርገው ያልቻለውን፣ ያለ ደመወዝ የቆሙ ጡረተኞችና የቤት እመቤቶች አደረጉት።

ከቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ ኦሬንጅቪል አጠገብ፣ ማኅበሩ ሰፊ ግቢ አለው። እዚያ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሰብሰብ ብለው ለቀናት የሚቆዩበት የጤና ማገገሚያ ፕሮግራም ይካሄዳል፤ የአንጎል ምት የመታቸው፣ ኤም ኤስ የተባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው፣ ከካንሰር ሕክምና የወጡ። በበሽተኛነቱ ገዳም የተላከው ልጅ በስተመጨረሻ ያቆመው ተቋም ለበሽተኞች የተዘጋጀ ቤት መሆኑ አይገርመኝም። ሞይ በ1998 አረፈ። ምልክት ሰጥቶ ወራሼ ነው ያለው አንድ ታላቅ መምህር አልተከተለውም፤ የተከተሉት እነዚያ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማኅበሩ ከእሱ በኋላ ያልተበተነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሐበሻ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «አምልኮ የለበትም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ሞይ የሃይማኖት ሰው ነበር። በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር ፈንግ ሎይ ኮክ የተባለውን የታኦ ተቋም በቶሮንቶ መሥርቷል፤ ተቋሙ የታኦን፣ የቡድሃንና የኮንፊሺየስን ትምህርት በአንድነት ያከብራል፤ በአንዳንዱ ማዕከል የዕጣንና የመሥዋዕት ጠረጴዛ አለ። ወደ እንቅስቃሴው ክፍል የሚመጣ ሰው ግን በዚያ ፊት እንዲሰግድ አይጠየቅም። እኔ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ፤ ስገባ ማተቤን አላወልቅም፤ ማንም ስለ እሱ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህ ለሕሊናው የማይመቸው ሰው ካለ ደግሞ ምንም ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሌለባቸው የታይ ቺ ክፍሎች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ የቻይና መንግሥት ራሱ በ1956 ለሕዝብ ስፖርት ብሎ ያወጣው ባለ 24 እንቅስቃሴ አጭር ስልት በአብዛኞቹ ይሰጣል። ሰው ሕሊናውን ጥሶ የሚያገኘው ጤና የለም።

እኔ ወደ ትምህርቱ የገባሁት በወገቤ ምክንያት ነው። ሰው ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ የዕለት ሥራዬ ነው፤ በሙያችን ወገቡ ያልተነካ የለም። አዳራሹ ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም አይርቅም፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ሰፈር በእግር ይደረሳል። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ በሽታ አለባቸው። ቆመው ሲያነጋግሩን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንቅስቃሴው ሲጀመርና ክብደታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ እግራቸው ሲያዛውሩ ግን እጃቸው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይንቀጠቀጣል። ይህን ከእኛ ለመደበቅ አይሞክሩም። አንድ ቀን ከኋላ የነበረ ወጣት ሚዛኑን ስቶ ሲንገዳገድ አዩትና ጎኑ መጥተው ቆሙ፤ «እኔ ስወድቅ የምትይዘኝ አንተ ነህ፣ ስለዚህ በደንብ ተማር» አሉት። ወጣቱ ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

ሁሉም ክፍለ ጊዜ የሚጀመረው ዶንዩ በሚሉት ልምምድ ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ጉልበት ቀስ ብሎ እየታጠፈ ወደ ታች ይወረዳል፤ ከዚያ በእግር መዳፍ መሬቱን እየገፉ ይነሳሉ። ቀላል ይመስላል። አንዲት የጎረቤት እናታችንን ይዣቸው በሄድኩ ጊዜ ወንበር ፊታቸው ተቀመጠላቸው። ልጃቸው የልጅ ልጅ እንዲያሳድጉላት ያመጣቻቸው ናቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወዲህ አፓርታማው ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ብቻ ወረዱ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ አይውረዱ፤ ይበቃል» አልኳቸው።

«ተወኝማ ልጄ፣ እኔ የስግደት ሰው ነኝ» አሉና ትንሽ ጨምረው ወረዱ። ሲነሱ ዐይናቸው በራ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ያሉኝ፣ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ከተናገሩ ወዲህ በቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «ተቀመጪ» ብቻ እንደሚላቸው ነው። «ተነሺ» ያላቸው እዚህ ብቻ ሆነ።

በሳይንስ በኩል የሚታወቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሕሙማኑ በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ ታይ ቺ፣ አንዱ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ አንዱ ማፍታቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንታት ሠሩ። ሚዛን በመጠበቅ ታይ ቺ የሠሩት ከሁለቱም በለጡ፤ ከማፍታቻው ቡድን ጋር ሲነጻጸሩ የወደቁበት ጊዜ ያነሰ ነበር። በሽታው አልጠፋላቸውም። ምክንያቱም ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። አረጋዊ ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በሚያዛውርበት ቅጽበት ነው፤ ሲዞር፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ከወንበር ሲነሳ። ታይ ቺ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዚያች ቅጽበት ልምምድ ነው፤ ያውም በዝግታ፣ ጡንቻው እንዲሸከምና እግር መሬቱን እንዲያውቅ ጊዜ እየተሰጠው። ለአዛውንት የዳሌ ስብራት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ጥቅም ትንሽ ነው ሊል ይችላል። እኔ በየሳምንቱ ስለማየው እንዲህ ማለት አልችልም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በፍራንክፈርት አርጅተዋል። ስደት የመጣነው ወጣት ሆነን ስለነበር ለእርጅና የሚሆን ነገር አላሰናዳንም። እድሩ አለን፤ ለቀብር የሚሆን ገንዘብና ሰው በአንድ ቀን ይሰበሰባል። አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ ማክሰኞ ጠዋት የት ይውሉ ለሚለው ግን መልስ የለንም። ለአስተማሪ የሚከፈል ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ሞይ ከ50 ዓመት በላይ በፊት በዚችው ከተማ ያለ ደመወዝ እንደሚሆን አሳይቷል። ባለሙያ የለንም እንዳይባል፣ ጉዎ ሊን ታማሚን በታማሚ አስተምራለች። የሚያስፈልገው የማያንሸራትት ወለል፣ መደገፊያ ያላቸው ጠንካራ ወንበሮችና ቀድሞ ጥቂት የተማረ አንድ ሰው ነው። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ይምጣ፤ ዶንዩውን በወንበር ላይ ተቀምጦም መጀመር ይቻላል።

እኛ ለመጀመር ወስነናል። አውቶቡስ ሹፌሩ አስተማሪያችን የመጀመሪያዎቹን ወራት አብረውን ሊቆሙ ቃል ገብተዋል። የአዳራሽ ጥያቄው ለማኅበረሰቡ ኮሚቴ ቀርቧል፤ ቀኑ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሰዓቱ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ይሁን ብለናል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሱ እናቶች ስለሚኖሩ ለእነሱ የተቀመጠ ልምምድ ብቻ እንዲሰጥ ተስማምተናል። ቆጠራውን በአማርኛ የሚመሩት እማማ ናቸው፤ አሁን ወንበሩን የሚይዙት በአንድ እጃቸው ነው፣ 108ቱንም ገና ከሩቡ አላለፉም፤ እሳቸው ግን ለአምስት ጓደኞቻቸው ደውለው አስመዝግበዋል።